እድፉ መቼ ታየ?

ይህ ባህር ዳር ውስጥ በጨለማ ክፍል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማተም ለጀመሩ ልጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ስለጠየቁኝ ጻፍኩት። አዳራሹ ውስጥ የተነሱትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው ትቻቸዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ስለ ውበት አላወራም። ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዴት ፎቶ እንደሚነሳ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ የመጣሁት ስለ እድፍ ላወራ ነው። ቢጫ፣ ቡናማ፣ አልፎ አልፎ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ወረቀቱን ዘንበል ሲያደርጉት ብቻ ብልጭ የሚል አረንጓዴ።

የተበላሸባችሁን ፎቶ ይዛችሁ ኑ ብዬ ነበር። ጎበዞች፣ ጠረጴዛው ሞልቷል። ስታስረክቡኝ ግን ከሁላችሁም የሰማሁት ሁለት ምክንያት ነው። አንዱ "ወረቀቱ አርጅቶ ነው"፣ ሌላው "የባህር ዳር ውሃ ነው"። ወረቀት ያረጃል። ውሃም የራሱ ጣጣ አለው፣ እመጣበታለሁ። ግን እዚህ ከተከመረው ውስጥ ብዙው የፊክሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ፣ እና የማጠብ ጉዳይ ነው። ወረቀቱና ውሃው በሌሉበት ነው የተከሰሱት።

ስለዚህ አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። እድፉ መቼ ታየ? ሁላችንም ቀድመን የምናየው ቀለሙን ነው፣ ቢጫ ግን ብቻውን ብዙ ምክንያት አለው። የሚለየው ሰዓቱ ነው። ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ፣ በዴቨሎፐር ውስጥ፣ እያለ የታየ ቢጫ አንድ ነገር ነው፣ ነጩ መብራት ሲበራ የታየ ሌላ፣ ሲደርቅ የታየ ሌላ፣ ከወራት በኋላ አልበም ውስጥ ብቅ ያለው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ።

ከዚያ ደግሞ ነጩን ጠርዝ እዩ። ጠርዙን በምታተሙበት ጊዜ ብርሃን አልነካውም፣ ተሸፍኖ ነበር። እድፉ ጠርዙም ላይ ካለ ኔጌቲቩን (የታጠበውን ፊልም) እና ማጉሊያውን (ምስሉን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ የሚጥለውን ማሽን) ተዉአቸው፣ ነገሩ ከኬሚካል፣ ከወረቀቱ ወይም ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ከምናበራው ቀይ መብራት ነው። ምስሉ ላይ ብቻ ከሆነ ወደ ኔጌቲቩ ተመለሱ። ያለ ጠርዝ ማተም ያምራል የሚሉ አሉ። ይመር፣ ግን መጀመሪያ በጠርዝ አትሙና ስትጨርሱ ትቆርጡታላችሁ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስታውሳችሁ፣ የምታውቁት ታገሡኝ። ወረቀቱ ላይ ጄላቲን አለ፣ ጄላቲኑ ውስጥ የብር ጨው አለ። ብርሃን የነካውን ጨው ዴቨሎፐሩ ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል። ስቶፕ ባዙ፣ ቀጠን ያለው አሲድ፣ ሥራውን ያስቆመዋል። ፊክሰሩ ብርሃን ያልነካውን ጨው ያሟሟዋል። ውሃው ደግሞ የሟሟውን ከነፊክሰሩ ያወጣዋል። ሃይፖ፣ የፊክሰር ዋና ኬሚካል፣ የብርን ጨው እንደሚያሟሟ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ያወቀው በ1819 እ.ኤ.አ. ነው። ፎቶግራፍ ለዓለም ከመገለጹ 20 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በ1839 ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ ለሆነው ለታልቦትና ለሌሎች ሲነግራቸው ነው ምስል በብርሃን ፊት መቆየት የቻለው።

ያለቀለት ፎቶ ውስጥ መቅረት ያለበት ብር፣ ጄላቲንና ወረቀት ብቻ ነው። ሌላ የቀረ ነገር ካለ ዛሬ ባይታይም ነገ እድፍ ይሆናል።

ከመጀመሪያው ሳፋ እንነሳ። እዚያው ዴቨሎፐር ውስጥ ወረቀቱ ቢጫ ካደረገ መጀመሪያ ዴቨሎፐሩን እዩት። አዲስ ሲሆን ውሃ የመሰለ ነው። አየር ሲያገኘው ውስጡ ያለው ሃይድሮኩዊኖን የሚባል ኬሚካል ይበላሽና ቀስ እያለ ከቀጭን ሻይ ወደ ቡና ቀለም ይሄዳል። ቡና ከመሰለ ጄላቲኑንም ወረቀቱንም ቡና ያደርገዋል። ድፉት። "ገና ጥቁር ያወጣል እኮ" ትሉኛላችሁ። ያወጣል፣ ነጩን ግን ነጭ አድርጎ አይተውላችሁም።

ሌላው ብርሃን አሳንሶ ሰጥቶ ዴቨሎፐር ውስጥ ማቆየት ነው። ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል፣ ልጁ "ትንሽ ይቆይ" ይላል፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይሞላዋል፣ ከዚያ ነጩም ቢጫ መልበስ ይጀምራል። ፕላስቲክ የተቀባው ወረቀት በ20 ዲግሪ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ፕላስቲክ ያልተቀባው፣ ፋይበር የምንለው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልጠቆረ የጎደለው ብርሃን ነው፣ ማጉሊያው ሥር ሰከንድ ጨምሩ። ደግሞ በየመሃሉ እያወጣችሁ ከቀዩ መብራት ሥር ይዛችሁ አትመርምሩ። አየር ላይ የዋለ እርጥብ ወረቀት ቶሎ ይበከላል።

እዚህ ላይ የእኛን ከተማ ሙቀት ላንሳ። መጽሐፎቹ ሁሉ 20 ዲግሪ ይላሉ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ባህር ዳር ከሰዓት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ቀትር ላይ የሚወርደው ውሃማ እጅ ያሞቃል። በዚህ ውሃ ስትሠሩ ዴቨሎፐሩ ይሮጣል፣ ቶሎም ይሞታል፣ ጄላቲኑ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥፍር ሲነካው ይላጣል። ያበጠ ጄላቲን ደግሞ ኬሚካል ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ሳፋ ይዞት ይሄዳል። ኤሲ ግዙ አልላችሁም። ውሃውን ማታ በጀሪካን ቅዱና ወለል ላይ ይደር። ትንሹን ሳፋ ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ በመሃሉ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ካስፈለገ በረዶ በፌስታል አስራችሁ ውጪኛው ሳፋ ውስጥ ጣሉ፣ ውስጠኛው ውስጥ ግን በፍጹም፣ ፌስታሉ ከፈሰሰ ዴቨሎፐራችሁ ቀጠነ ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው በሌሊት ወይም ማለዳ መሥራት ነው። አየሩም ይቀዘቅዛል፣ በሌሊት ከሆነ የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጥቁር ላስቲክ መድፈኑም ይቀርላችኋል።

በነገራችን ላይ ሃይፖ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ፊክሰር ለመበጥበጥ ብቻ ሞቅ ያለ ውሃ ብትጠቀሙ አልቃወምም። ሲበጠበጥ ይቀዘቅዛል።

ስቶፕ ባዝን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በውሃ ለቅለቅ ያደርግና ወደ ፊክሰር። አታድርጉት፤ አቼቶ ርካሽ ነው። ገበያ ላይ ያለው ነጭ አቼቶ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አሲድ ነው። አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ ብታቀጥኑት ይበቃል። ነጩን ብቻ ግን፣ ቀለም ያለውን አትግዙ። "ጠንከር ቢልስ?" ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። ጠንካራ አሲድ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ካለው ካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል። ጋዙ ጄላቲኑ ሥር ይታፈንና ትንንሽ ክብ ጉብታዎች ያወጣል፣ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አለ፣ ያ የታንኳው ፎቶ፣ ሰማዩ ላይ የፈነዳዳው። ባለቤቱ "ኔጌቲቩ ተቧጥጦ ነው" ብሎኛል። አይደለም ወንድሜ፣ አቼቶህን አቅጥነው።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ፣ ወደ ፊክሰር። እዚህ ቆይታ እናደርጋለን።

ፊክሰር ሲያልቅ አይናገርም። ዴቨሎፐር ሲሞት ምስሉ አይወጣም፣ ታውቃላችሁ። ያለቀ ፊክሰር ግን ፎቶውን ነጭና ጥቁር አድርጎ፣ አሳምሮ፣ ምንም እንዳልሆነ ያስረክባችኋል። የብር ጨው በፊክሰር ሲሟሟ በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ከሃይፖው ጋር ተጣብቆ ውሃ በቀላሉ የማያነሳው ውሁድ ይሆናል፣ ቀጥሎ ብዙ ሃይፖ ሲያገኝ ውሃ ወደሚያነሳው ይለወጣል። የደከመ ፊክሰር መጀመሪያው ደረጃ ላይ ያቆመዋል። እንግዲህ ያንን ፎቶ ሌሊቱን ሙሉ ብታጥቡት አይወጣም። ተቀምጦ ይሰነብትና ብር ሰልፋይድ ይሆናል። ብር ሰልፋይድ ቢጫ ቡናማ ነው።

ለዚህ ነው "ከስድስት ወር በኋላ ቢጫ ሆነብኝ፣ በደንብ አጥቤው ነበር እኮ" ሲሉኝ ስለ ማጠቡ የማልጠይቀው። የምጠይቀው በዚያ ፊክሰር ስንት ወረቀት እንዳለፈ ነው። "አላስታውስም" ነው መልሱ ሁልጊዜ። ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ባለፈ ቁጥር በእስክሪብቶ ጭረት አድርጉ። ለረጅም ዕድሜ የሚፈለግ ፋይበር ወረቀት ከሆነ፣ በአንድ ሊትር ፈጣን ፊክሰር ከ10 ያህል 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ወረቀት በላይ አታሳልፉ። ያናድዳል፣ አውቃለሁ፣ ኬሚካል እንደ ልብ አይገኝም። መላው ሁለት ሳፋ ፊክሰር ነው። መጀመሪያ በአሮጌው፣ ከዚያ በአዲሱ፣ እኩል ደቂቃ። አንደኛው ሸክሙን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ያጠራዋል። አንደኛው ሲያልቅ ታነሱትና ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል፣ አዲስ ከኋላ ይገባል። ከአንድ ሳፋ እጅግ ብዙ ወረቀት ታተርፋላችሁ።

የፊክሰሩን ጉልበት ለማየት ቀላል ዘዴ አለ። ያልታጠበ ፊልም ጫፍ፣ ያ ካሜራ ላይ ስትጭኑ የምትጥሉት ምላስ፣ ቆርጣችሁ አዲስ ፊክሰር ውስጥ ጣሉት። ጥርት ብሎ ብርሃን እስኪያሳልፍ ያለውን ጊዜ ያዙ። ሌላ ቀን በተሠራበት ፊክሰር ድገሙት። እጥፍ ከፈጀ አልቋል። ለወረቀት ግን እዚያ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ቀደም ብላችሁ ቀይሩ።

ሌላው የፊክሰር በሽታ መነባበር ነው። አምስት ስድስት ፎቶ አንድ ሳፋ ውስጥ ትከታላችሁ፣ አንዱ ሌላው ላይ ይለጠፋል፣ ፊክሰሩ መሃሉ አይገባም። ይህ የሚያመጣውን እድፍ ማወቅ ቀላል ነው፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ አለው፣ የሌላ ወረቀት ማዕዘን ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያቺ የዘጌ መንገድ ፎቶ ላይ ያለው ቡናማ ሦስት ማዕዘን ይሄ ነው፣ ጥላ አይደለም። የታችኛውን ወደ ላይ እያመጣችሁ ደጋግማችሁ አገላብጡ።

ስቶፕ ባዝ ሳይኖር ዴቨሎፐር እየተሸከመ የሚገባ ወረቀትም ፊክሰሩን ያበላሸዋል። ፊክሰሩ አሲድነቱን ሲያጣ ዴቨሎፐሩ እዚያው ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፣ እየሟሟ ያለውን ብር በጣም ደቃቅ አድርጎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ያ ነው ዘንበል ሲደረግ ብልጭ የሚለው አረንጓዴ ወይም ቢጫ። ባለሙያዎቹ ዳይክሮይክ ፎግ ይሉታል። ፊክሰሩ ውስጥ ነጭ ደመና ካያችሁና የድኝ ሽታ ከሸተታችሁ ደግሞ ሃይፖው ራሱ ፈርሷል፣ በሙቀት ወይም በበዛ አሲድ። የሚረጋው ነጭ ቢጫ ዱቄት ድኝ ነው፣ ፎቶው ላይም ይቀመጣል። ያንንም አትሞክሩ፣ ድፉት። የት እንደሚደፋ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ላይ ድሮ ፎቶ ቤት የሠሩ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። "እኛ በአንድ ፊክሰር ሳምንት እንሠራ ነበር፣ ያተምናቸው ጉርድ ፎቶዎች ዛሬም አሉ" አሉ። ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ አሉ። ግን ያሉትን ብቻ ነው የምናየው፣ የጠፉት መጥተው አይመሰክሩም። ደግሞ ጉርድ ፎቶ ትንሽ ነው፣ በአንድ ትልቅ ወረቀት ስፋት ብዙ ጉርድ ይወጣል። ቢጫ ቢሆንም መታወቂያው ቀድሞ ይታደሳል። በሚገባ የተሠራ እንደሚቆይማ ጥርጥር የለውም። የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ እነሱ ያነሷቸውን ፎቶዎች ዛሬም እያየን ነው። ጋሼ ሳቁና "እኛም ለንጉሥ ስንሠራ አዲስ ፊክሰር እንበጠብጥ ነበር" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እንቀጥል፣ ማጠብ። ፊክሰሩ ጥሩ ሆኖ ማጠቡ ካነሰ ወረቀቱ ውስጥ የቀረው ሃይፖ ድኙን ለምስሉ ብር ይሰጠዋል። ያኔ የሚጠቃው ጥቁሩ ነው፣ ምስሉ ከጥቁር ወደ ቡናማ ከዚያ ወደ ደብዛዛ ቢጫ ይሄዳል። ልዩነቱን ያዙት። ነጩ ቢጫ ከሆነ ፊክሰርን ጠርጥሩ፣ ጥቁሩ ገርጥቶ ከከሳ ማጠብን። ሁለቱም አንድ ላይ ከመጡ፣ በቃ፣ ሁለቱም ናቸው።

ፕላስቲክ የተቀባው ወረቀት ኬሚካል አይጠጣም፣ ሁለት እስከ አራት ደቂቃ ይበቃዋል። እንዲያውም ብዙ ሲቆይ በተቆረጠው ጠርዙ ውሃው እየሰረገ ይገባል። ፋይበሩ ግን ጠጪ ነው፣ ያለ ረዳት አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈስ ውሃ ይፈልጋል። አንድ ሰዓት የሚፈስ ውሃ! እዚህ ከተማ ቧንቧ ለሁለት ቀን ሲጠፋ የምናውቅ ሰዎች ነን። ስለዚህ ሶዲየም ሰልፋይት አስገቡበት። 20 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ። ከፊክሰር በኋላ ትንሽ አለቅልቃችሁ 10 ደቂቃ እሱ ውስጥ አገላብጡት፣ ሃይፖውን ያላቅቀዋል። ከዚያ የሚፈስ ውሃ አያስፈልግም፣ ሳፋ ሙሉ ንጹህ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ፣ መድፋት፣ እንደገና መሙላት። አሥር ጊዜ ያህል ብትቀያይሩ ጥሩ ነው። ውሃ ዝም ብሎ ከላይ ሲፈስ ከማየት ሙሉ በሙሉ እየደፉ መቀየር ይሻላል፣ ሃይፖ ከውሃ ስለሚከብድ ሥር ይተኛል።

አሁን የባህር ዳር ውሃ ጉዳይ። ከተከሰሰበት ብዙው ነፃ ነው አልኩ እንጂ ሙሉ በሙሉ ነፃ አላልኩም። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይና ጉማራ አፈር ይዘው ወደ ጣና ሲገቡ የሐይቁን ቀለም አይታችኋል። በዚያ ሰሞን ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ቀድታችሁ የምትሠሩ ካላችሁ ደለሉ እርጥብ ጄላቲን ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ከውስጡ አይወጣም። አስረጉት፣ ከዚያ ድርብ ነጭ ጨርቅ ውስጥ አሳልፉት። የቧንቧ ውሃ ችግሩ ሌላ ነው፣ ዝገት ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ፍሳሽ ቀይ ይሆናል አይደል? ያንን አትቅዱ። የዝገት ቅንጣት ፎቶ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል።

ሰማያዊውን ነጥብ ማን ነበር ያመጣው? አንቺ ነሽ። ፎቶሽን ሴፒያ፣ ማለትም በኬሚካል ቡናማ፣ ስታደርጊ ነው የታየው አይደል? "አዎ፣ ከዚያ በፊት ንጹህ ነበር" አለች። አያችሁ፣ ሰዓቱን ነገረችኝ፣ ግማሹ ተፈታ። ሴፒያ ለማድረግ ምስሉን መጀመሪያ የሚያነጣው ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ ነው። እሱ ከብረት ዝገት ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ቀለም ይፈጥራል፣ ለቀለም ፋብሪካ የሚሠራው ሰማያዊ ራሱ። የተላጠ የሸክላ ቅብ ሳህን ወይም የቆርቆሮ ባልዲ ከተጠቀምሽም እዚያው ነው ምንጩ። "ሳህኑ ትንሽ ተላጧል" አለች። ተገኘ። ለጨለማ ክፍል ፕላስቲክ ብቻ።

ሴፒያን ካነሳን አይቀር፣ አንድ የሚገርም ነገር። የሴፒያ ቡናማ ራሱ ብር ሰልፋይድ ነው። ያ የሰደብነው እድፍና ለጌጥ የምናደርገው ቀለም አንድ ነገር ናቸው። ልዩነቱ አንዱን እኛ በመላው ምስል ላይ አውቀን አደረግነው፣ ሌላው ሳንጠራው ነጩ ላይ መጣ። ለዚህ ነው ሴፒያ የገባ ፎቶ የሚጠነክረው፣ ብሩ አስቀድሞ ድኙን ስለወሰደ ሌላ አያምረውም። በደካማ ፊክሰር ያለፈን ፎቶ ሴፒያ ስታስገቡት ደግሞ ተደብቆ የነበረው ሁሉ በአንዴ ይወጣል። ነጩ ይበላሻል። "ሴፒያው አበላሸብኝ" አትበሉ፣ እሱ አጋለጠ እንጂ አላበላሸም።

ነጠብጣቦችን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ነጭ ነጥብና ነጭ ፀጉር ኔጌቲቩ ላይ ያለ አቧራ ነው። ጥቁር ነጥብ ኔጌቲቩ ራሱ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው። ክብ፣ ጥርት ያለ ነጭ ነጥብ ወረቀቱ ዴቨሎፐር ውስጥ ሲገባ የተያዘ የአየር አረፋ ነው፣ ሳፋውን አወዛውዙ። ነጭ የጣት አሻራ ፊክሰር የነካው ጣት ነው፣ ጥቁር አሻራ ዴቨሎፐር የነካው። ፎጣችሁን እጠቡ! እጃችሁን ታጠባላችሁ፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ፊክሰር በጠገበው ፎጣ ታደርቃላችሁ፣ በዚያ እጅ አዲስ ወረቀት ትይዛላችሁ። ዱቄት ኬሚካልንም ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አትበጥብጡ፣ ብናኙ ተንሳፍፎ ወረቀት ላይ ያርፋል። ደጅ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አፍና አፍንጫን ሸፍናችሁ።

ሲደርቅ የሚመጣውን ደግሞ ማድረቂያው ነው የሚያመጣው። በደንብ ያልታጠበ ፎቶ ያረፈበት ጨርቅ ሃይፖ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ለሚያርፈው ንጹህ ፎቶ ያካፍለዋል። እኔ ለፋይበር ወረቀት የመስኮት ወንፊት በእንጨት ክፈፍ ወጥሬ እጠቀማለሁ። አሮጌ አጎበርም ይሆናል፣ በመድኃኒት የተነከረ ካልሆነ። በየጊዜው ይታጠባል፣ ዋጋውም ምንም አይደል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ካልፈታላችሁ ወረቀቱን አስመስክሩት። ያልተነካ ወረቀት ከአንድ ቅጠል አራት ቁራጭ ቁረጡ፣ ከኋላው በእርሳስ ከ1 እስከ 4 ጻፉ። አንደኛውን በድፍን ጨለማ ቀጥታ አዲስ ፊክሰር ውስጥ ክተቱት፣ እጠቡት። ያ የወረቀቱ እውነተኛ ነጭ ነው። ሁለተኛውን ቀዩን መብራት አጥፍታችሁ በዴቨሎፐር፣ በስቶፕ ባዝና በአዲስ ፊክሰር አሳልፉት። ከአንደኛው ግራጫ ከሆነ ወረቀቱ አርጅቷል፣ ቢጫ ከሆነ ዴቨሎፐሩ ነው። ሦስተኛውን ልክ እንደ ሁለተኛው፣ ግን ቀዩን መብራት አብርታችሁ። ከሁለተኛው ከጠቆረ መብራቱ ብርሃን ያሾልካል፣ ወይም በጣም ቀርቧል። አራተኛውን እንደ ሁለተኛው በጨለማ፣ ነገር ግን በዚያ በምትወዱት አሮጌ ፊክሰር። ሲደርቁ ጎን ለጎን በቀን ብርሃን እዩአቸው። አራተኛው ዛሬ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ሴሌኒየም ቶነር፣ የፎቶን ቀለም የሚለውጥ ኬሚካል፣ ካገኛችሁ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥናችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ እርጥብ ነጩ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉበት። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ስትጠርጉት ቡናማ ክብ ከቀረ ውስጡ ብር አለ። ወር መጠበቅ ሳያስፈልግ ነገሩ ያልቃል። ሴሌኒየም መርዝ ነው፣ ከኩሽና ዕቃ ጋር እንዳይገናኝ።

"የቆሸሸውን ማዳን ይቻላል ወይ?" የሚል ጥያቄ ከሦስት ቦታ መጣ። ሰሞኑን የታተመና ገና ያልቀየረ ከሆነ፣ በአዲስ ፊክሰር ደግማችሁ አሳልፉና እጠቡት፣ ብዙ ጊዜ ይድናል። ቡናማው አንዴ ከወጣ ግን የሚያጠፋው ኬሚካል ምስሉንም ይነካል። ኔጌቲቩ ካላችሁ ደግማችሁ አትሙ። እድፍ በማስለቀቅ የሚጠፋው ጊዜና ኬሚካል ሦስት ጥሩ ፎቶ ያወጣል።

ኔጌቲቭ የሌለው ሲሆን ነው ችግሩ። አንዲት እናት የእናታቸውን ፎቶ ከነፍሬሙ ይዘው መጥተው ነበር፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። እማማ፣ አይላጡት። በእርጥበት የለሰለሰ ጄላቲን ነው የያዘው፣ ሲጎትቱት መልካቸው መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ፣ መስታወቱን ከላይ ወልውለው፣ ከጎን ብርሃን አድርገው ፎቶ ያስነሱት። እሱ ቅጂ ይሁንልዎ። እዚህ የሐይቁ ዳር ክረምት ላይ እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ሻጋታም ጄላቲን ይወዳል፣ ምግቡ ነው። ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉ የውጪ ግድግዳ ላይ አይሁን፣ መስታወቱና ፎቶው መሃል የካርቶን ክፈፍ ይግባ። ከሰልና እጣን ከሚጨስበት ክፍልም ራቅ ይበል። ጭሱ ውስጥ ያለው ድኝ ቀስ እያለ ብሩን ይበላዋል፣ ጠርዝ ጠርዙን ጀምሮ። ፎቶዎችን በላስቲክ ማሰሪያም አትሰሩ፣ ጎማም ድኝ አለው።

የመጨረሻው ጥያቄ ያለቀ ፊክሰር የት ይደፋ የሚል ነበር። ሐይቁ ውስጥ አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቦይ ውስጥም አይደለም፣ ጉድጓድ ውሃ ያለበት ግቢ ውስጥም አይደለም። ብር ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነው፣ ጣና ደግሞ እምቦጩ ይበቃዋል። በጀሪካን አጠራቅሙት። የብረት ሱፍ፣ ያ ድስት የሚፈተግበት፣ ዘይቱን በሳሙና አስለቅቃችሁ ክተቱበትና ለቀናት ተዉት። ብረቱ ይሟሟል፣ ብሩ በምትኩ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ሥር ይቀመጣል። ዝቃጩን አጥልላችሁ አድርቃችሁ አስቀምጡ፣ ሲበዛ ብር ነው፣ የሚያነጥረው ሰው ይፈልገዋል። የቀረውንም ፈሳሽ ቢሆን ከእናንተ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎቹን ጠይቁ፣ እነሱም የራሳቸውን የሚያስወግዱበት መንገድ ስላላቸው አብሮ እንዲሄድ። እስከዚያ ጀሪካኑን አጥብቃችሁ ክደኑት፣ ላዩ ላይ በትልቁ "ያለቀ ፊክሰር፣ አይጠጣም" ብላችሁ ጻፉ፣ ልጆች ከሚደርሱበትም አርቁት። የመጠጥ ውሃ ከምትቀዱበት ቢጫ ጀሪካን ጋር የሚመሳሰል ደግሞ አትምረጡ።